ወኅኒ ያስወርድ የነበረ ልብስ፦ የስኮትላንዱ ኪልት ታሪክና የአለባበስ ደንቡ

  ደብተርና እርሳሳችሁን ይዛችሁ በሬዲዮኑ ዙሪያ ለተሰበሰባችሁ ሁሉ የዛሬውን ንግግሬን የምጀምረው ከራሴ ጥፋት ነው።

አንድ ቀን በአራተኛ ክፍል ስለ ልዩ ልዩ ሕዝቦች አለባበስ ሳስተምር፣ ከአንድ አሮጌ የቀን መቁጠሪያ ላይ የቆረጥሁትን ፎቶግራፍ ለተማሪዎቼ አሳየሁ። ከወገቡ እስከ ጉልበቱ ባለ መስመር ሽንሽን ጨርቅ የታጠቀ፣ ከረጢት ያለው ዋሽንት የሚነፋ ጎልማሳ ነው። «ጋሼ፣ ሰውዬው ቀሚስ ለብሷል!» ብለው ክፍሉን በሳቅ አናወጡት። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ግን «ለምንድን ነው እንደዚያ የለበሰው?» ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ። ደወሉ ተደወለና አዳነኝ። ያን ቀን ያልመለስሁትን ነው እንግዲህ ዛሬ የምነግራችሁ። ዓመቶቹን የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ልብሱ ኪልት ይባላል። አገሩ ከእንግሊዝ በስተ ሰሜን የምትገኘው ስኮትላንድ ነው። በተለይ ደግሞ ሃይላንድ የሚባለው ተራራማውና ዝናባማው ክፍል ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የዚያ አገር ሰው የሚለብሰው አንድ ወጥ ረጅም የሱፍ ጨርቅ ነበር። ግማሹን ሸንሽኖ በቀበቶ ወገቡ ላይ ያስረዋል፤ የቀረውን በትከሻው ላይ ይጥለዋል። ዝናብ ሲመጣ ይከናነበዋል፣ ሲመሽ ተጠቅልሎበት ያድራል። ጋቢ ለብሶ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የትከሻው ክፍል ቀረና የወገቡ ብቻ ለብቻው ይለበስ ጀመር። ይህን ያመጣው ቶማስ ሮውሊንሰን የሚባል እንግሊዛዊ የብረት ማቅለጫ ባለቤት ነው፣ ሠራተኞቹ እንዲቀልላቸው ብሎ ነው የሚሉ አሉ። ቀድሞም ይለበስ ነበር ብለው የሚከራከሩም አሉ።

ታዲያ ይህ ልብስ እንዴት ወንጀል ሆነ? ነገሩ ወዲህ ነው። በ1745 ልዑል ቻርልስ ኤድዋርድ ስቱዋርት የአያቶቹን ዘውድ አስመልሳለሁ ብሎ በሃይላንድ ጦር አስነሣ። ብዙ ሃይላንዳውያን ተከተሉት። ሚያዝያ 16 ቀን 1746 ከሎደን በሚባል ሜዳ ላይ ከመንግሥት ጦር ጋር ገጠሙ። ውጊያው አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም፤ ከልዑሉ ወገን ከ1 ሺህ በላይ ሰው አለቀ። ለንደን የሚገኘው ፓርላማ በዚያው ዓመት ሕግ አወጣ። ከወታደር በቀር ማንኛውም ወንድ፣ አዋቂም ይሁን ልጅ፣ የሃይላንድ ልብስ ለብሶ ቢገኝ ያለ ዋስ 6 ወር ይታሰራል፤ ዳግመኛ ቢገኝ ባሕር ማዶ ወዳለ ቅኝ ግዛት ለ7 ዓመት ይጋዛል የሚል ነው።

እስቲ ልብ በሉ። በዚያ ዘመን የሃይላንድ ሕዝብ አብዛኛው የሚናገረው ጌሊክ የሚባለውን ቋንቋ ነበር፤ ሕጉ የተጻፈው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ድሃው ገበሬ የሚያሳስረውን ወረቀት ቢያሳዩትም አያነበውም፣ ቢያነቡለትም አይሰማውም። ሆኖም ሰው መላ አያጣም። ዴቪድ ስቱዋርት የተባለ የጦር መኮንን በ1822 ባሳተመው መጽሐፉ እንደሚተርከው፣ ሕጉ ሱሪ የት የሰውነት ክፍል ላይ እንደሚደረግ ለይቶ ስላልጻፈ፣ አንዳንዱ ሰው ሱሪውን በበትር ላይ አንጠልጥሎ በትከሻው ተሸክሞ ይሄድ ነበር!

ለወታደር ግን ልብሱ የተፈቀደ ነበር ብያችኋለሁ። መንግሥት ከሃይላንድ ሰዎች ክፍለ ጦር አቋቁሞ፣ ኪልት አስታጥቆ ወደ አሜሪካና ወደ ሌላም አገር አዘመታቸው። አንዱ ሰው በመንደሩ ቢለብሰው ወንጀለኛ፣ ለንጉሡ ሲዋጋ ለብሶት ቢሞት ጀግና ሆነ ማለት ነው። ሕጉ በ1782 ተሻረ። ነገር ግን 36 ዓመት ቀላል አይደለም፤ ብዙው ሕዝብ ሱሪ ለምዶ ነበር።

በ1822 ንጉሥ ጆርጅ 4ኛ ኤዲንብራን ጎበኘ። በዙፋን ላይ ያለ ንጉሥ ስኮትላንድን ሲረግጥ ከ170 ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ነበር። የአቀባበሉን ሥርዓት ያዘጋጀው ዝነኛው ደራሲ ዋልተር ስኮት ሲሆን፣ መኳንንቱ ኪልት ለብሰው እንዲወጡ ተደረገ። ንጉሡም ለበሰ፤ የሱ ግን ከጉልበቱ በላይ አጥሮ፣ ከሥሩ የገላ ቀለም ያለው ጠባብ ሱሪ ተደርጎበት ነበርና ብዙ ተቀለደበት። ከዚህ ጉብኝት 3 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1819፣ በስትራትኔቨር ሸለቆ ባለርስቶች መሬቱን ለበግ እርባታ ብለው ገበሬውን ሲያፈናቅሉ ቤቶች በእሳት ይጋዩ ነበር። የሃይላንዱ ሰው ከቀዬው ሲነቀል፣ ልብሱ ወደ ቤተ መንግሥት ገባ።

የዛሬው የአለባበስ ደንብ የተቀመረው በአብዛኛው ከዚያ በኋላ፣ ከሰልፈኛ ወታደርና ከመኳንንት ግብዣ ነው። ዋና ዋናውን ልንገራችሁ።

ኪልት ከእምብርት አካባቢ ይታጠቃል እንጂ እንደ ሱሪ ዝቅ አይልም። ጫፉ የጉልበት ሎሚ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ከወረደ ነውር ነው። ሽንሽኑ ወደ ኋላ፣ ዝርግ የሆነው ወደ ፊት ይሆናል፤ መክፈቻው በቀኝ በኩል ነው። ጫፉ ላይ የሚሰካው መርፌ ቁልፍ የላይኛውን ጨርቅ ብቻ ይይዛል። ሁለቱን አንድ ላይ ከወጋቸው ልብሱ ይጎተታል፣ ጨርቁም ይቀደዳል። ኪስ ስለሌለው ስፖራን የሚባል የቆዳ ከረጢት ከፊት ይንጠለጠላል፤ ጭፈራ ሲጀመር ወደ ጎን ይገፋል። ካልሲው ከጉልበት በታች ይታጠፋል፤ ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ትንሿን ቢላዋ በቀኝ ካልሲው ይሸጉጣል። ሲቀመጡ ሽንሽኑን ከኋላ በእጅ አስተካክሎ፣ እግርን ሰብሰብ አድርጎ ነው። ቀሚስ ብሎ መጥራት ያስቀይማል። ከሥሩ ምን አለ ብሎ መጠየቅም የጨዋ ሰው ወግ አይደለም።

የጨርቁ ባለ መስመር ጥለት ታርታን ይባላል። እያንዳንዱ ጎሳ ከጥንት ጀምሮ የራሱ ታርታን አለው ሲባል ትሰሙ ይሆናል። እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። በ1842 ሁለት ወንድማማቾች ከጥንት የብራና ጽሑፍ ቀዳነው ብለው የጎሳ ታርታኖች መጽሐፍ አሳተሙ። በኋላ ሲመረመር የፈጠራ ሥራ ሆኖ ተገኘ። ዳሩ ግን ሕዝቡ ለብሶት፣ ተድሮበት፣ ተቀብሮበት ስለነበር አንዳንዱ ታርታን የእውነት የጎሳው ሆኖ ቀረ። ዛሬ ከንጉሣውያኑ ቤተሰብ የባልሞራል ታርታንና ከመሳሰሉት ጥቂቶች በቀር ማንም ሰው የወደደውን ቢለብስ ከልካይ የለውም። የስኮትላንድ ፓርላማም በ2008 ባወጣው ሕግ የታርታን መዝገብ አቋቁሟል። አንዱ ፓርላማ ያሳሰረበትን ጨርቅ ሌላው በክብር መዘገበው።

ውድ አድማጮች፣ ከዚህ ታሪክ እኔ የተማርሁት አንድ ነገር አለ። ደንብ ሲነገራችሁ ማን እንደጻፈው፣ ለማንም እንደጻፈው ጠይቁ። የሽንሽኑን ልብስ ያመጣው የተራራው ኑሮ ነው፤ እስራቱን ያመጣው ፓርላማ ነው፤ «ጥንታዊ» የተባለውን መጽሐፍ የጻፉት ሁለት አታላዮች ናቸው። ሦስቱም ግን ደንብ ተብለዋል። ፊደል የቆጠረ ሰው የተጻፈውን ሁሉ ማመን የለበትም፤ መመርመር ይችላልና። በእኛም አገር ሸማ ለለቅሶና ለደስታ አለባበሱ ይለያያል። የዚህን ምክንያት ከሽማግሌዎቻችሁ ጠይቃችሁ ብትጽፉት ለልጆቻችሁ ይተርፋል።

ያቺን ተማሪዬን በማግስቱ አስነሥቼ፣ «ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቅሽው አንቺ ነሽ፤ እኔም እንደናንተው ስቄአለሁ፣ ተሳስቻለሁ» አልኋት። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያም ያነበብሁትን ነገርኋቸው።

አሁን እርሳሳችሁን አንሡ። የዛሬዎቹ ሦስት ቃላት ልብስ፣ ሕግ፣ ማን የሚሉት ናቸው። በሦስቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ሠርታችሁ ጻፉ፤ ለጎረቤታችሁም አንብቡለት። ለዛሬው በዚህ ይብቃን። ደኅና ሁኑ።