ጥያቄውን የሚመርጠው ማን ነው? የትራንስፖርት ምርምር ገንዘብና አደረጃጀት፣ ከአውራ ጎዳና ባለሥልጣን እስከ ኮዬ ፈጬ



ዛሬ የማቀርብላችሁ የመንገድ ታሪክ አይደለም። ስለ መንገድና ስለ መጓጓዣ የማወቅ ታሪክ ነው፤ መንግሥት ስለ ትራንስፖርቱ ምን ማወቅ እንደ ፈለገ፣ ለዕውቀቱ ማን እንደ ከፈለ፣ የተገኘውም ዕውቀት የት እንደ ገባ የሚጠይቅ ታሪክ ነው። ጉዳዩ ላይ ላዩን ሲታይ የበጀት መዝገብ ይመስላል። ነገር ግን ገና ሳይነጋ በኮዬ ፈጬ፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ለታክሲ የሚሰለፈው ሰው የሚያጣው ሰዓት ከዚሁ መዝገብ ጋር የተያያዘ መሆኑን ለማሳየት እሞክራለሁ።

የምከራከርበት ነጥብ አጭር ነው። የትራንስፖርት ምርምራችን ከሰባ ዓመት በላይ የኖረው በአመዛኙ የብድርና የእርዳታ ፕሮጀክት ተቀጥላ ሆኖ ነው። ፕሮጀክቱ ሲከፈት ይከፈታል፣ ሲዘጋ ይዘጋል። ገንዘቡን የሚሰጠው ወገን ጥያቄውን ይመርጣል፤ ጥያቄውን የመረጠ ደግሞ ያልተጠየቀውንም ሳያውቀው መርጧል።

ከመነሻው እንጀምር። በ1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ ከሰጣቸው የመጀመሪያ ብድሮች አንዱ ለመንገድ የዋለው 5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ነበር። በዚያው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 115 የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታትም በአመራሩ ላይ የአሜሪካ የሕዝብ መንገዶች ቢሮ ባለሙያዎች ተቀምጠው ነበር። መሥሪያ ቤቱ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠሩትንና ከጦርነቱ በኋላ የተጎዱትን መንገዶች የመጠገን ከባድ ሥራ ነበረበት። ከሥራው ጋር የአፈርና የድንጋይ ሙከራም መጣ። ዛሬ በሰበታ በኩል በዓለም ገና የሚገኘው የመንገዶች መሥሪያ ቤት የሥልጠናና የሙከራ ማዕከል የዚህ ልማድ ወራሽ ነው። ሙከራ ግን ምርምር አይደለም። ሙከራ ይህ አፈር መስፈርቱን ያሟላል ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ምርምር መስፈርቱ ራሱ ለዚህ አገር ይሠራል ወይ ብሎ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ አንድ ንጽጽር ላቅርብ። ባለሙያዎቹ የመጡባት አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1934 ባወጣችው ሕግ ክልሎች ከፌዴራል መንግሥት ከሚደርሳቸው የመንገድ ገንዘብ እስከ አንድ ነጥብ አምስት በመቶ የሚሆነውን ለቅኝት፣ ለዕቅድና ለምህንድስና ጥናት እንዲያውሉ ፈቅዳ ነበር። ምርምሩ በየዓመቱ አዲስ ልመና አላስፈለገውም፤ ከሚሠራው መንገድ ጋር አብሮ ያድግ ነበር። እንግሊዝ በሌላ መንገድ ሄደች፤ እ.ኤ.አ. በ1933 የመንገድ ምርምር ላቦራቶሪን በመንግሥት ሥር አደራጀች፣ በመንግሥት በጀትም አኖረችው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ወደ ግል እስኪዛወር ድረስ። ሁለቱ አገሮች መንገዳቸው ይለያይ እንጂ ምርምርን ከአንድ ፕሮጀክት ዕድሜ በላይ የሚያኖር ምንጭ በማበጀት ተመሳስለዋል። ወደ እኛ የመጣው የመንገድ አሠራሩ እንጂ ይህ የገንዘብ ሥርዓት አልነበረም።

ውጤቱን በአንድ ቁሳቁስ ታሪክ ማየት ይቻላል። በስምጥ ሸለቆና በአካባቢው ካሉ የእሳተ ገሞራ ጉብታዎች የሚወጣውን፣ በተለምዶ ቀይ አሽ የምንለውን ጠጠር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቀላል ነው፣ ያለ ብዙ ድካም ይቆፈራል፣ በብዙ ቦታም ይገኛል። በመንገድ መሥሪያነት ግን ያስቸግራል፤ ደቃቅ አፈር ስለሚያንሰው በደንብ አይጠቀጠቅም፣ ቅንጣቶቹም ይሰባበራሉ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የኢትዮጵያ የመንገድ መሥሪያ ቤትና የእንግሊዙ ላቦራቶሪ በጋራ ባካሄዱት የመንገድ ምርምር ፕሮጀክት ይህ ጠጠር ተጠና፤ ከደቃቅ አፈር ጋር ሲደባለቅ ጠባዩ እንደሚሻሻልም ታየ። ውጤቶቹ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ታተሙ። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ፣ ያው ጠጠር አነስተኛ ትራፊክ ላለባቸው መንገዶች ይሆን እንደሆነ እንደገና ተጠና፤ የዚህኛውም ገንዘብ ከእንግሊዝ መንግሥት የገጠር መንገድ ምርምር ፕሮግራም የመጣ ነበር።

ሁለተኛው ጥናት የመጀመሪያውን አላወቀም ማለቴ አይደለም፤ መነሻው አድርጎታል። ለታሪክ ተማሪ የሚያስደንቀው ሌላ ነገር ነው። በሁለቱ መካከል ጥያቄውን በሕይወት ያቆየው በዋናነት የውጭው ተቋም ነው። ጠጠሩ የእኛ፣ መንገዱ የእኛ፣ የጥያቄው ትዝታ ግን የሌላ ሆነ።

በአገር ውስጥ መዋቅር አልተሞከረም ማለት ግን ትክክል አይሆንም። በ1947 ዓ.ም. በስዊድን እገዛ የተከፈተው የሕንፃ ኮሌጅ የግንባታ ዕቃዎችን ምርምር ከማስተማር ጋር አጣምሮ ይዞ ነበር። በ1968 ዓ.ም. ደርግ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽንን አቋቋመ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ኢኖቬሽን ፖሊሲ ደግሞ ለምርምርና ሥርጸት ቢያንስ የአገር ውስጥ ጥቅል ምርት 1.5 በመቶ እንዲመደብ አለመ። ሆኖም ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. ለ2017 የመዘገበው ድርሻ 0.27 በመቶ ነው። ፖሊሲው ገንዘቡን ማን እንደሚሰበስበውና ከየትኛው ሒሳብ እንደሚቀነስ የሚያስገድድ ክንድ አልነበረውም።

ይህን ከሌላ ሕግ ጋር አስተያዩት። በ1989 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 66 የመንገድ ፈንድ ተቋቋመ። ዋና ገቢው ከነዳጅ የሚሰበሰብ ክፍያ ነው፤ ሾፌሩ ነዳጅ በቀዳ ቁጥር ሳያስበው ለጥገና ይከፍላል። የፈንዱ ዓላማ ተብሎ የተጻፈው የመንገድ ጥገናና የመንገድ ደኅንነት ነው። በዚያው ጊዜ የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ሲጀመር የአገሪቱ የመንገድ መረብ 26,550 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ከሁለት አሥርት ዓመታት ባነሰ ጊዜ ከ100,000 ኪሎ ሜትር አልፏል። ጥገና ከዓመታዊ የበጀት ሽሚያ የወጣው በዚህ አዋጅ ነው። ምርምር ግን ከዓላማዎቹ መካከል ስሙ ስላልተጻፈ ወደ ፕሮጀክት በር ተመልሶ ቆመ።

በዚያ በር የመጣው ሁሉ ከንቱ ነበር የሚል ካለ አልስማማም። ኢትዮጵያ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በተሳተፈችበት በእንግሊዝ የሚደገፍ የአፍሪካ ፕሮግራም አማካይነት በ2003 ዓ.ም. አነስተኛ ትራፊክ ላለባቸው መንገዶች የንድፍ መመሪያ ወጥቷል። መመሪያው በአካባቢው ያለውን ማዕድን ተጠቅሞ መሥራት እንደሚቻል ለመሐንዲሱ ፈቃድ ሰጠው። በመንገዶች ባለሥልጣን ውስጥ የመንገድ ምርምር ማዕከል የማደራጀቱ ሥራም በዚሁ ድጋፍ ታግዟል። በባቡር በኩል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ ባቡር የልህቀት ማዕከል በዓለም ባንክ ገንዘብ ተቋቁሟል። እነዚህ ቁም ነገር ያላቸው ሥራዎች ናቸው። ሥጋቴ ድጋፉ ሲያበቃ ተመራማሪው የት ይሄዳል የሚለው ነው።

አሁን ወደ ከተማው ጠርዝ ልውሰዳችሁ። 2008 ዓ.ም. ለዚህ ታሪክ ልዩ ዓመት ነው። በመስከረም የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራ ጀመረ፤ 34 ኪሎ ሜትር፣ 475 ሚሊዮን ዶላር፣ 85 በመቶው ከቻይና ኤክዚም ባንክ ብድር። በጥር የአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያለው የኦሮሚያ ልዩ ዞን የጋራ ማስተር ፕላን ብዙ ሕይወት ከጠፋበት ተቃውሞ በኋላ ተሰረዘ። በዚያው ዓመት የዓለም ባንክ ለአዲስ አበባ ከተማና ለፌዴራል ትራንስፖርት ባለሥልጣን የሚውል የ300 ሚሊዮን ዶላር የትራንስፖርት ሥርዓት ማሻሻያ ፕሮጀክት አጸደቀ። ገንዘብ መጣ፣ ባቡር መጣ፤ ከተማዋንና ዙሪያዋን በአንድ ወረቀት ላይ የማየት ሐሳብ ግን የፖለቲካ ቁስል ሆነ። ገበሬው መሬቱን የሚያጣበት ወረቀት ሆኖ ስለታየው መቃወሙ ያለ ምክንያት አልነበረም። በሁለቱ ወገኖች የጋራ ባለቤትነት የሚሠራ ገለልተኛ የጥናት አካል ቢኖር ኖሮ፣ መንገደኛን መቁጠር መሬትን ከመለካት ተለይቶ ይታይ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. ኮዬ ፈጬን ጨምሮ በተለያዩ ሳይቶች የተሠሩ ከ51,000 በላይ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ሲወጣ ጥያቄው እንደገና ነደደ። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ መካከል የወሰን ስምምነት ተደረሰ፤ በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ሌሎች ከተሞች በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለሉ፤ ኮዬ ፈጬም የሸገር ክፍለ ከተማ ስም ሆነች። የመሬቱ ጥያቄ በፖለቲካ መልስ ተሰጠው። የመንገደኛው ጥያቄ ግን መልስ የሚሰጠው ባለቤት ይፈልጋል። ቤቱ በአንዱ አስተዳደር፣ ሥራው በሌላው፣ የሚሄድበት ዋና መንገድ ደግሞ በሦስተኛው ሥር ሊሆን ይችላል።

የፌዴራሉ የመንገድ መሥሪያ ቤት በዋና ዋና መንገዶች ላይ በዓመት ሦስት ጊዜ የትራፊክ ቆጠራ ያካሂዳል። በሰበታ የሚያልፈው የጅማ መንገድ፣ በቡራዩ የሚያልፈው የአምቦ መንገድ፣ በሱሉልታ የሚያልፈው የጎጃም መንገድ የዚህ መረብ አካል ናቸው። ቆጠራው ለአስፋልት ውፍረት ስሌት የተዘጋጀ ስለሆነ የሚቆጥረው ተሽከርካሪ ነው። በእግሩ የሄደ ሰው፣ ሦስት ታክሲ ያለፈችው እናት፣ በትራንስፖርት እጦት ሥራውን የተወ ወጣት በዚህ ቆጠራ ዜሮ ናቸው። ከሰበታ ተነሥቶ ጅቡቲ የሚደርሰው የባቡር መስመር እንኳ ለወደብ ታስቦ የተጠና እንጂ ሰበታ ለሚኖረው የአዲስ አበባ ሠራተኛ አልነበረም። ኮዬ ፈጬ ደግሞ ከነባሮቹ መውጫዎች በአንዱ ላይ ያደገች ከተማ አይደለችም፤ በአንድ ጊዜ የተገነባች ሰፈር ናት።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከታሪኩ ሦስት ነገሮች ይወጣሉ ባይ ነኝ።

አንደኛ፣ ለትራንስፖርት ምርምር በፖሊሲ ሳይሆን በአዋጅ፣ ከነዳጅ ከሚሰበሰበው ገንዘብ ትንሽ ቢሆንም ቋሚ ድርሻ ይጻፍለት። ለጥገናው ራሱ ያልበቃ ገንዘብ ለምን ይሸረፋል የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ክብደት ያለው ተቃውሞም ነው። መልሴ ያ ጠጠር ነው። በአጠገባችን ያለውን ማዕድን እንዴት እንደምንጠቀምበት ማወቅ ሩቅ ቦታ ሄዶ ድንጋይ ከመጫን ያድናል፤ ምርምር የጥገና ተቀናቃኝ የሚሆነው ውጤቱ መሳቢያ ውስጥ ሲቀር ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ጥያቄውን የሚመርጠው አካል መንገዱን ከሚሠራው አካል ይለይ። የፌዴራል መንግሥት፣ አዲስ አበባ፣ ኦሮሚያና ሸገር፣ እንዲሁም ዩኒቨርሲቲዎች አብረው የሚቀመጡበት ሰሌዳ ይኑር፤ ሥልጣኑም የወሰን ሳይሆን የጉዞ ይሁን።

ሦስተኛ፣ በሕዝብ ገንዘብ ወይም ሕዝብ በሚከፍለው ብድር የተሠራ ማንኛውም ጥናት፣ ከነጥሬ መረጃው፣ በአገር ውስጥ ቤተ መዛግብት ይቀመጥ፤ ለተማሪም ይከፈት። ከአማካሪ ድርጅቱ ጋር የሚሄድ ዕውቀት ሁለት ጊዜ ይገዛል።

ተማሪዎቼ፣ ይህ የመጨረሻው ነጥብ እናንተን ይመለከታል። አዋጅ እስኪወጣ የሚጠብቅ ብዙ ነገር አለ፤ ቆጠራ ግን ከእነዚያ አንዱ አይደለም። ኮዬ ፈጬ ከአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ብዙም አትርቅም። በመመረቂያ ጥናታችሁ ሰልፉን በሰዓቱ ተገኝታችሁ ቁጠሩ፤ ማን እንደ ተሳፈረ ብቻ ሳይሆን ማን እንደ ተመለሰም መዝግቡ፤ ሌላው እንዲቀጥልበት አድርጋችሁም አስቀምጡት።