የሰባት ቤት ቆጠራ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። የማወራችሁ የሩቅ ነገር አይደለም፤ እዚሁ ፔታህ ቲክቫ፣ ዮሴፍታል ሰፈር፣ እናቴ ሳሎን ውስጥ የሆነ ነው። በፈረንጅ 1878 የቆረቆሯት ሰዎች ከትንቢተ ሆሴዕ ወስደው «የተስፋ በር» ያሏት ከተማ ናት።

የእህቴ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። እዚህ እስራኤል ሰባተኛ ክፍል ሲደርሱ ልጆች የዘር ሐረጋቸውን አጥንተው የሚጽፉት ሥራ አለ፤ «ሾራሺም» ይሉታል፣ ሥሮች ማለት ነው። ልጅቱ ዛፍ የታተመበት ወረቀት ይዛ መጣች። በየቅርንጫፉ ሳጥን፣ በየሳጥኑ «የቤተሰብ ስም» እና «የትውልድ ቀን» የሚል መስመር። እናቴ ቡና ትቆላለች። ልጅቱ የአያቷን መታወቂያ ተቀብላ መገልበጥ ጀመረች። ነገሩ የተበላሸው እዚያው ላይ ነው።

የእናቴ ሁለት ወንድሞች የአንድ አባትና የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ታላቁ በፈረንጅ 1984 በሱዳን በኩል መጣ። ታናሹ በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ፣ በ36 ሰዓት ከ14,000 በላይ ሰው ሲጓጓዝ፣ ከእናቴ ጋር መጣ። ታላቁን የመዘገበው ጸሐፊ የአያቱን ስም የቤተሰብ ስም አደረገለት፤ ታናሹን የመዘገበው ደግሞ የአባቱን። እኛ አገር አንድ ሰው የራሱና የአባቱ ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር መቼ ነበረው? ዛሬ በኮምፒዩተር በቤተሰብ ስም ብትፈልጓቸው ሁለቱ ወንድማማቾች ባዕድ ናቸው። ስለዚህ መታወቂያውን ካያችሁ በኋላ አስቀምጡትና «ይህ የማን ስም ነው? የአባትህ ወይስ የአያትህ?» ብላችሁ ጠይቁ።

የትውልድ ዘመኑ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። የእናቴ መታወቂያ 1934 ይላል። እናቴ የተወለደችው ወለቃ፣ ጎንደር አፍንጫ ሥር ነው። እናቷ ስትነግራት፣ ጣልያን ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥና መድፉ ዝም ሲል እሷ ገና አራስ ጎጆ ነበረች። ጣልያን እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። በእኛ በቤተ እስራኤል ሴት የወለደች አራስ 80 ቀን ከሰው ተለይታ ትቆያለች፣ ወንድ ከሆነ 40። ሰማንያ ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ፤ እንቁጣጣሽ ደጃፍ ላይ ትደርሳላችሁ። እናቴ የተወለደችው በእንቁጣጣሽና በኅዳር 18 መካከል ነው ማለት ነው። በፈረንጅ ሲሆን 1941፤ ከመስከረም እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት ድረስ ሰባት፣ ከዚያ ወዲያ ስምንት ይጨመራልና። ጸሐፊው ግን ያለችውን 1934 ሳይመልስ እንዳለ ጻፈው። እናቴ በአንድ ብዕር ሰባት ዓመት አረጀች። ጡረታዋ ቀድሞ ስለመጣላት ግን አልከፋትም።

ልጅቱ ተስፋ ሳትቆርጥ «ሳፍታ (አያቴ)፣ የአያትሽ አባት ማን ይባላል?» አለቻት።

«እኔ እንጃ ልጄ።»

ይህን ስትል እውነቷን ነው። እንዲያ ተብላ ተጠይቃ አታውቅም። እኔ ገባሁበት፦ «እማዬ፣ ያች የአምቦበሯ ልጅ ለታላቅ ወንድምሽ ታስባ የቀረችው ለምን ነበር?»

መቁያውን ከእሳቱ አወረደችው። «አምስተኛው ላይ ተገናኙዋ!» አለች። ከዚያ ማን ያቁማት! በቤተ እስራኤል ደንብ እስከ ሰባት ቤት መጋባት ነውር ነው፤ ሽማግሌ ሳይላክ በፊት በአባትም በእናትም በኩል ይቆጠራል። በግራ እጇ አውራ ጣት የቀኟን የጣት አንጓ እየነካች ወረደችው፦ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንዥላት… ሴቶቹንም ጭምር። መዝገቡ የተቀመጠው ለጋብቻ ስለሆነ የሚከፈተውም በጋብቻ ነው። ያልተሳካ ጋብቻ ደግሞ ከተሳካው የበለጠ ያወራል።

ልጅቱ ስልኳን ለቀረጻ ከፍታ መጻፉን ተወችው፤ ጥሩ አደረገች። እስክሪብቶ ያየ ሽማግሌ ቃል ይመርጣል። ማታ ቀረጻውን ስንሰማ አንዲት ሴት ሦስት ሆና አገኘናት፦ እናቷ ያወጣችላት ስም፣ አማቷ ያወጣችላት፣ ጎረቤት የሚጠራት። ለይቶ ያወጣን የመንደሩ ስም ነው፤ ሦስቱም ከጠዳ ለወለቃ ተድረዋል።

ቀጥሎ ሌላ ሽማግሌ ለብቻው መጠየቅ ነው፣ የእናቴን ቃል ሳይሰማ። ለዚህ ከለቅሶ ድንኳን የሚሻል ቦታ አላውቅም፤ ከየከተማው ዘመድ ይሰበሰባል፣ ማን የማን ምን እንደሆነ ሳይጠየቅ ይወራል። በሱዳን መንገድ የቀሩትንም እዚያ ጠይቁ። አራት ሺህ ያህል ናቸው፤ ብዙዎቹ የእስራኤል መታወቂያ ሳይነካቸው ጉዳሪፍና ኡም ራኩባ ተቀብረዋል። ሽማግሌው ስማቸውን ካልጠራ ዛፉ ላይ አይኖሩም።

ወረቀት የሚወድ ደግሞ ቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ይሂድ፤ በፈረንጅ 1904 ኢትዮጵያ የገባው የዣክ ፋይትሎቪች ስብስብ እዚያ ነው። ከመንደራችሁ ወደ አውሮፓ ለትምህርት የወሰደው ልጅ ካለ ዕድለኛ ናችሁ። የምራቅ ምርመራውን ግን እርሱት፤ በፈረንጅ 2000 የወጣው የዘረመል መረጃ ሕግ ዝምድናን በምርመራ ለማረጋገጥ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይጠይቃል።

የልጅቱ ወረቀት አልበቃም። ከታች ሌላ ወረቀት ለጠፈች፣ ከጎንም። በእናት በኩል ስድስተኛው ላይ የእናቴና የታላቅ አጎቴ ስም አልተስማማም፤ ሁለቱንም ጻፈቻቸው።

ዓርብ ከሰዓት የልጅቱ ታላቅ ወንድም ከጦሩ ፈቃድ አግኝቶ መጣ። ቦርሳውን ሳያወርድ እናቴ ወረቀቱን ዘረጋችለትና ጣቷን ሰባተኛው ስም ላይ አሳረፈች።

«የዚያችን የረሖቮቷን ልጅ አያቶች ስም ይዘህልኝ ና» አለችው። «በእናቷም በኩል።»