የዕውቀት ደጅ፦ የአሶሳ ልጆች የትምህርት ጉዞ

በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደወል በተደወለ ቁጥር የትምህርቱ ዓይነት ይለወጣል። ሒሳብ ሲወጣ አካባቢ ሳይንስ ይገባል፤ ከእርሱ ቀጥሎ ደግሞ ሥዕል ወይም ሰውነት ማጎልመሻ ይመጣል። ልጁ ግን ያው አንድ ልጅ ነው። በሁሉም ክፍለ ጊዜ የሚሰማው በአንድ ጆሮ፣ የሚያስበውም እናቱ ባስተማረችው ቋንቋ ነው። ስለዚህ ልጆች በትምህርት ቤት ምን ይማራሉ ብለን ስንጠይቅ፣ በየትኛው ደጅ ገብተው ይማራሉ ብለን መጠየቃችን የግድ ነው። ይህ ጥያቄ እንደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ጎልቶ የሚታይበት አገር ጥቂት ነው። ታሪኩንም ወጣቶች ሁሉ ልናውቀው ይገባል።

በአሶሳ ዙሪያ የሚኖረው የበርታ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው። በመሆኑም በዚያ ምድር ከዘመናዊው ትምህርት ቤት የቀደመው ቁርዓን ቤት ነው። ልጆች ከጥቀርሻ በተሠራ ቀለም በእንጨት ሉህ ላይ ይጽፉ ነበር፤ የጻፉትን በቃላቸው ከያዙ በኋላ አጥበው ሌላ ይጽፋሉ። የቤታቸው ቋንቋ በርታ ሆኖ ሳለ የንባቡም የጽሕፈቱም ቋንቋ ዐረብኛ ነበር። እንግዲህ ለበርታ ልጅ ቤትና ትምህርት ቤት በሁለት ቋንቋ መኖራቸው የዛሬ ነገር አይደለም።

ያ ምድር በወርቁ ምክንያት ብዙ ስቃይ አይቷል። እ.ኤ.አ. በ1821 የግብፁ ገዥ የመሐመድ ዓሊ ጦር ወደ ሱዳን ሲዘምት ዋና ዓላማው ወርቅና ባሪያ ነበር፤ ክንዱም እስከ ቤኒሻንጉል ዳርቻ ደርሷል። በ1890 ዓ.ም. ደግሞ በራስ መኮንን የተመራው የዳግማዊ ምኒልክ ጦር አገሩን ወደ ማዕከላዊው መንግሥት አስገባ። የአሶሳው ሼህ ሆጀሌ አልሐሰንም ለአዲስ አበባው ቤተ መንግሥት ወርቅ የሚገብሩ ታላቅ ገዥ ሆኑ። በዚያ ዘመን ሁሉ የበርታና የጉሙዝ ልጆች ከደጃፋቸው እየተነጠቁ ይሸጡ ነበር። ልጅ በዋጋ በሚተመንበት ዘመን ስለ ፊደል ማን ያስብለታል?

ከባርነት በወጡ ሰዎች እጅ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ ግን ነበር። በልጅነቱ የተሸጠው ኦነሲሞስ ነሲብ በምጽዋ ነጻ ወጥቶ በስዊድን ወንጌላውያን ሚሲዮን ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ ከባልንጀሮቹ ጋር በካርቱም አልፎ፣ ዓባይን ተከትሎ፣ በቤኒሻንጉል በኩል ወደ ኦሮሞ አገር ሊገባ ሞከረ፤ መንገዱ ግን ተዘጋበትና ተመለሰ። ከዚያም እርሷም ከባርነት ነጻ ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1894 በምንኩሉ የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ አሳተመ። የመጽሐፍ ቅዱሱ ሙሉ ትርጉም የታተመው ከዚያ በኋላ፣ በ1899 ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ ሕዝቡ ቅዱሱን መጽሐፍ እንዲያነብ አስቀድሞ ፊደል መቁጠር ነበረበት። ኦነሲሞስ በ1904 ወደ ነቀምቴ ገብቶ በዚያ ያስተምር ጀመር።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ግን መንግሥት ሌላ መንገድ መረጠ። በነሐሴ 1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ በመላ ኢትዮጵያ የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን ወሰነ። የየአካባቢው ቋንቋ የተፈቀደው ተማሪውና አስተማሪው አማርኛ እስኪለምዱ፣ ያውም ለመጀመሪያው ጊዜ ብቻ ነበር። የዓላማው ምክንያት ይታወቃል፤ ከጦርነት የወጣች አገር በአንድ ቋንቋ እንድትተሳሰር ነው። በዚያን ጊዜ አሶሳ በወለጋ፣ መተከል በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበሩ። በሁለቱም ዘንድ የበርታው፣ የጉሙዙና የሽናሻው ልጅ መጀመሪያ የሚማረው ቋንቋውን ነበር፤ ሒሳቡና ሳይንሱ ተራ ይጠብቃሉ። ብዙው ልጅ ተራው ሳይደርስ ወደ ማሽላ ጥበቃው ይመለሳል።

ሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታላቁ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ወጣቶች ፋኖስና ጥቁር ሰሌዳ ይዘው ወደ ገጠር ወጡ፤ አገራችንም በዚህ ሥራ ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘች። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች ያስተምር ነበር፤ እነዚህም የአብዛኛውን የኢትዮጵያ ሕዝብ ቋንቋ ያካተቱ ነበሩ። በርታ፣ ጉሙዝና ሽናሻ ግን ከ15ቱ ውስጥ አልነበሩም። ለብዙኃኑ የበራው ብርሃን ለእነርሱ በሰው ቋንቋ ብቻ ደረሰ።

በ1977ቱ ድርቅ ማግሥት ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች የመጡ ሰፋሪዎች በአሶሳ ዙሪያና በፓዌ ተተከሉ፤ መንደሮቹም በቁጥር ይጠሩ ጀመር። በረኃብ የደቀቀ ቤተሰብ ነፍሱን ለማትረፍ የገባበት ቦታ፣ ለነባሩ ሕዝብ ደግሞ የአባቶቹ ጫካና የእርሻው መሬት ነበር። በአንድ አካባቢ የሁለቱም ልጆች ተገናኙ። የሰፋሪው ልጅ በአፍ መፍቻው ሲማር፣ የነባሩ ልጅ በእንግዳ ቋንቋ ይማር ነበር። የፈተናው ወረቀት ግን አንድ ነው። የውጤቱ ልዩነት የጭንቅላት ልዩነት የመሰለው ብዙ ሰው ነበር፤ ይህ የተሳሳተ ፍርድ ያስከተለው ቁስል ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልዳነም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን በብሔረሰባቸው ቋንቋ የመማር መብት አላቸው አለ። ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ያሉትንም ትምህርቶች አቀራረበ። ተፈጥሮና ኅብረተሰብ «አካባቢ ሳይንስ» በሚባል አንድ ትምህርት ተጣመሩ፤ ሥነ ጥበብም ከሰውነት ማጎልመሻ ጋር ተቀናጀ። ሐሳቡ ለአሶሳ ልጅ ተስማሚ ነበር። ቀርከሃን ውሰዱ። እንዴት እንደሚበቅል መማር ሳይንስ ነው፤ ለአጥር ስንት ዘንግ እንደሚበቃ ማስላት ሒሳብ ነው፤ ቅርጫት መሥራት የእጅ ጥበብ ነው፤ ማን እንደሠራውና በየትኛው ገበያ እንደሚሸጥ መናገር ደግሞ ቋንቋና ኅብረተሰብ ነው። አንድ ቀርከሃ አራት ክፍለ ጊዜ ይሞላል። ነገር ግን ልጁ ቀርከሃን በአፉ ካልጠራው፣ አራቱም ክፍለ ጊዜ ያመልጡታል።

መብቱ በወረቀት ከተጻፈ በኋላ መጽሐፉ እስኪጻፍ ዓመታት አለፉ። ቋንቋዎቹ የትምህርት ቤት ጽሕፈት አልነበራቸውም፤ ስለዚህ በላቲን ፊደል የተመሠረተ አጻጻፍ ተዘጋጀላቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 በርታ፣ እንግሊዝኛና አማርኛን ያጣመረ መዝገበ ቃላት አዲስ አበባ ላይ ታተመ። ቀስ በቀስም በርታ፣ ጉሙዝና ሽናሻ ወደ ታችኞቹ ክፍሎች ገቡ።

ይሁንና ጥያቄው በዚህ አላበቃም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከክልሉ ሕዝብ ሩብ ያህሉ በርታ፣ ከአምስት አንድ ያህሉ ጉሙዝ፣ ከአምስት አንድ ያህሉ ደግሞ አማራ ነበር፤ ኦሮሞው፣ ሽናሻው፣ አገው፣ ማኦና ኮሞም አሉ። በአሶሳ ከተማ አንድ ክፍል ውስጥ የሦስት አራት ቋንቋ ልጆች አብረው ይቀመጣሉ፤ አፍ መፍቻ ስንል የማን? ወላጆችም ልጃቸው የክልሉን የሥራ ቋንቋ አማርኛን አውቆ ሥራ እንዲይዝ ይመኛሉ፤ ምኞታቸው አያስነቅፍም። የሚሻለው አንዱን ቋንቋ በሌላው ላይ ማንገሥ ሳይሆን መሰላል መሥራት ነው። ልጁ በሚያውቀው ቋንቋ ይጀምራል፣ ወደ አማርኛ ይሻገራል፣ ወደ እንግሊዝኛም ይወጣል። የታችኛው እርከን የጎደለበት መሰላል ግን ለማንም አይሆንም።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በካማሺ፣ ኋላም በመተከል በተነሣው ግጭት ብዙ ሕዝብ ተፈናቀለ፤ ትምህርት ቤቶችም ተዘጉ። ያኔ የተቋረጠው ንባብና ሒሳብ ብቻ አልነበረም። የጉሙዙ ልጅና የአማራው ልጅ በአንድ ወንበር ተቀምጠው የሚማሩት፣ በየትኛውም መጽሐፍ ያልተጻፈ ትምህርት አብሮ ተቋረጠ። ጎረቤትን ማወቅ የሚባለው እርሱ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ለታችኞቹ ክፍሎች ግብረ ገብን ራሱን የቻለ ትምህርት አድርጎ መልሷል፤ ግብረ ገብ ግን በዋነኛነት የሚጠናው በዚያ ወንበር ላይ ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ በጴንጤቆስጤ ዕለት ከየአገሩ የመጣው ሕዝብ የእግዚአብሔርን ሥራ በየቋንቋው እንደ ሰማ ታውቃላችሁ። ከባርነት የወጡት ኦነሲሞስና አስቴርም ለወገናቸው የማንበቢያ መጽሐፍ ሠሩ። ከእናንተ መካከል መምህር የሚሆኑ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን የሚያስተምሩ ብዙዎች ናችሁ። ከፊታችሁ ዝም ያለ ልጅ ሲቀመጥ፣ አያውቅም ብላችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት በቤቱ የሚናገረውን ቋንቋ ጠይቁት። በዚያ ቋንቋ ሰላምታውን ተማሩ፤ አንድ ቃል፣ ሁለት ቃል ጨምሩ። ደጁ የሚከፈትለት ከዚያ ነው።