ትንሽ ቁስልና ረጅም ወረፋ

ወረፋ የሰው ትዕግሥት መለኪያ ብቻ አይደለም፤ የሥራ አደረጃጀት ውጤትም ነው። በሆስፒታል ድንገተኛ ሕክምና ክፍል በወረፋው መጨረሻ ላይ ብዙውን ጊዜ የምናገኘው ጣቱ የተቆረጠውን፣ ቁርጭምጭሚቱ የዞረበትን፣ እግሩን ሚስማር የወጋውን ሰው ነው። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለውን ሰው ከሁሉ በኋላ እንዲታይ ያደረገው ሥርዓት ከየት እንደ መጣና ለዚህ ሰው ምን ዕዳ እንዳለበት ለመመርመር የቀረበ ነው።

በሰሜን ሸዋ፣ እንደ ሌላው የሀገራችን ክፍል ሁሉ፣ ቀላል ጉዳት ከጥንት ጀምሮ የራሱ ደጅ ነበረው። አጥንቱ የተሰበረ ወይም መገጣጠሚያው የወለቀ ሰው ወደ ወጌሻ ይሄድ ነበር፤ ዛሬም የሚሄደው ጥቂት አይደለም። ወጌሻው የአካባቢው ሰው በመሆኑ ወረፋው አጭር ነበር። ይሁን እንጂ ቁስል የሚያመረቅዘውን ተሕዋስ የሚከላከልበት መድኃኒት አልነበረውም፤ አጥብቆ የታሰረ እጅም ደም አጥቶ እስከ መቆረጥ የሚደርስበት ጊዜ ነበር።

የአውሮፓ ሕክምና ወደ አውራጃው የገባው በጥቂቱ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ የተባለውን ስፍራ በ1876 (እ.ኤ.አ.) ለኢጣሊያ የጂኦግራፊ ማኅበር ሰጡ፤ በ1880ዎቹም (እ.ኤ.አ.) ዶክተር ሊዮፖልዶ ትራቨርሲን የመሰሉ ሐኪሞች ተቀምጠውበታል። ከዐድዋ ድል በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ አዲስ አበባ ገባ። በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ግን ለቀላል ቁስል ዋናው ሰው በየክሊኒኩ የተመደበው ድሬሰር ነበር፤ ያጥባል፣ ያሽጋል፣ መርፌ ይወጋል። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና አጠባበቅ ኮሌጅም ለጤና ጣቢያዎች የሚሆኑ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና ሳኒተሪያኖችን አሠለጠነ። የዚህ ሁሉ ሐሳብ አንድ ነበር፤ ትንሹ ሕመም በቅርብ ይታከም፣ ትልቁ ወደ ሆስፒታል ይለፍ።

በሆስፒታሉ ደጅ ያለው ሥርዓት ደግሞ የተወለደው በጦር ሜዳ ነው። የናፖሊዮን ጦር ቀዶ ሐኪም ዶሚኒክ ዣን ላሬ ቁስለኛ በማዕረጉ ሳይሆን በቁስሉ ክብደት ተራ እንዲያገኝ አደረገ። ለዚህ አሠራር በኋላ የተሰጠው ትሪያጅ የሚለው የፈረንሳይኛ ቃል መለየት ማለት ሲሆን፣ ወደ ሕክምና ከመግባቱ በፊት ለሱፍና ለቡና ደረጃ ማውጫ ያገለግል ነበር። በበግ ርባታና በብርድ ልብስ ፋብሪካ ለታወቀችው ለደብረ ብርሃን ቃሉ ባዕድ ሊሆን አይገባም። ዛሬ በሀገራችን ሆስፒታሎችም ታማሚን በቀለም መለየት የተለመደ ነው። ከ2004 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በደቡብ አፍሪካ በተዘጋጀው ሥርዓት ቀይ ወዲያውኑ፣ ብርቱካናማ በ10 ደቂቃ ውስጥ፣ ቢጫ በ1 ሰዓት፣ አረንጓዴ በ4 ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት። ቀላል ጉዳት አረንጓዴ ነው።

ይህ አመዳደብ ፍትሐዊ ለመሆኑ ክርክር የለም። ጥያቄው ክፍያው በማን ላይ ወደቀ የሚለው ነው። እዚህ ላይ የእኛ ሙያ የሚናገረው አለው። በኮፐንሃገን የቴሌፎን ኩባንያ ይሠራ የነበረው አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ በ1909 (እ.ኤ.አ.) የቴሌፎን ጥሪዎችን አመጣጥ በሒሳብ መርምሮ ለወረፋ ጥናት መሠረት ጣለ። በእርሱ ፈለግ፣ አንድ ሐኪም ለአንድ ታማሚ በአማካይ 10 ደቂቃ ያጠፋል፣ የታማሚዎቹ አመጣጥና የሕክምናው ርዝመትም ያለ ሥርዓት ይለዋወጣል እንበል። ሐኪሙ ከሰዓቱ ግማሹን ብቻ ሥራ ከያዘ አማካዩ ጥበቃ 10 ደቂቃ ነው፤ ከመቶ 80 ሲይዝ 40 ደቂቃ፣ ከመቶ 90 ሲይዝ 90 ደቂቃ ይሆናል። ሥራው የጨመረው በጥቂቱ ሲሆን ጥበቃው ያደገው በእጥፍ ድርብ ነው።

አላን ኮብሃም የተባለ ተመራማሪ በ1954 (እ.ኤ.አ.) ቅድሚያ የሚሰጥበትን ወረፋ ቀመር አወጣ። ከላይ ካየነው ከመቶ 90 ውስጥ 50ው የጽኑ፣ 40ው የቀላል ታማሚዎች ሥራ ቢሆንና ጽኑዎቹ ቢቀድሙ፣ የእነርሱ ጥበቃ ወደ 18 ደቂቃ ይወርዳል፤ የቀላሎቹ ግን ወደ 180 ደቂቃ ይወጣል። የሁሉም አማካይ እንደ ቀድሞው 90 ደቂቃ ነው። ይህ ስሌት እንጂ የአንድ ሆስፒታል ልኬት አይደለም፤ ነገር ግን አንድ እውነት በግልጽ ያሳያል። መለየት ጥበቃን አያጠፋም፤ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ያሸጋግራል።

ሦስት ሰዓት ለደብረ ብርሃን ነዋሪ የአንድ ከሰዓት በኋላ ጉዳይ ነው። 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከአንኮበር ለመጣ ገበሬ ግን የመመለሻ መኪና ማጣት፣ የማደሪያ ወጪና የጎደለ የሥራ ቀን ነው። ተስፋ ቆርጦ ሳይታይ የተመለሰ እንደ ሆነም ቁስሉ ያመረቅዛል፤ መንጋጋ ቆልፍም ሊያስከትል ይችላል። ከዚያ በኋላ ሲመለስ አረንጓዴው ቀይ ሆኖ ይመጣል። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ነው።

ሕዝቡ ጤና ጣቢያውን አልፎ ወደ ሆስፒታል የሚመጣው ባለማወቅ ብቻ ነው ማለትም ተገቢ አይደለም። ሰው የሚሄደው ማደንዘዣ፣ የስፌት ክር፣ የቴታነስ መርፌና ራጅ አገኛለሁ ብሎ ወዳመነበት ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የመጀመሪያ ርዳታን ወደ ቀበሌ አውርዷል፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስቶች ሥልጠና ተጀምሯል። ታችኛውና ላይኛው ጫፍ እንዲህ ሲጠናከር መካከሉ፣ ማለትም የድሬሰሩ ቦታ፣ ክፍት እንዳይቀር ያስፈልጋል።

መፍትሔው ሁለተኛ ደጅ ነው። ባለፈው ስሌት ቀላሎቹን ለብቻቸው ለአንድ የሠለጠነ ነርስ ብንሰጥ፣ በዚያው የ10 ደቂቃ ሥራ ጥበቃቸው 7 ደቂቃ ያህል ይሆናል፤ የጽኑዎቹም ከ18 ወደ 10 ይወርዳል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ተጨማሪ ባለሙያ፣ ውኃና መብራት ያለው ትንሽ ክፍል፣ እንዲሁም የማያቋርጥ የስፌትና የማሸጊያ አቅርቦት ነው። እንግዲህ የማኅበራችን አባላት የሆስፒታል ወይም የጤና ጣቢያ ፕላን ስናነሣ፣ ከአልጋው ቁጥር አስቀድመን በሰዓት ስንት ሰው እንደሚገባና ስንቱ ቀላል ጉዳት እንደሆነ እንጠይቅ። የመግቢያና የመታያ ሰዓት በመዝገብ ይጻፍ፤ ሁለተኛው ደጅ የት እንደሚከፈት የሚነግረን ያ መዝገብ ነውና።