ሴቶች በወንዶች ኮሌጆች፦ ከስድስት ኪሎ እስከ እንጅባራ

አዲስ ቅዳም፦ በኢትዮጵያ ቀደምቶቹ ኮሌጆች የወንዶች የሚል ስያሜ ባይሰጣቸውም በተግባር ግን የወንዶች ነበሩ፡፡ ለዚህ ዋነኛው ምክንያት ከኮሌጁ በር በፊት የነበረው መንገድ ነው፡፡

በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትም ሆነ ከጣሊያን ወረራ በኋላ የተቋቋሙት የኮተቤው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የጄኔራል ዊንጌት አዳሪ ትምህርት ቤቶች የተቋቋሙት ለወንዶች ነበር፡፡ በሴቶች በኩል በስፋት የሚታወቀው በ1920ዎቹ መጀመሪያ የተከፈተው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ነበር፡፡ በመሆኑም በ1940ዎቹ መጀመሪያ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ማስተማር ሲጀምር የተቀበላቸው ተማሪዎች በአብዛኛው ወንዶች መሆናቸው የሚያስገርም አልነበረም፡፡

በጎንደርም ሁኔታው ተመሳሳይ ነበር፡፡ በ1947 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወንዶችን ለጤና መኮንንነት ሲያሠለጥን፣ ሴቶች በዋናነት የገቡት በማኅበረሰብ ነርስነት ነው፡፡ ሴቶች ወደ ግቢው ቢገቡም የሥራው ክፍፍል አብሯቸው ገብቷል ለማለት ይቻላል፡፡

በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከተቋቋመ በኋላ በስድስት ኪሎ የሴት ተማሪዎች ቁጥር ቢጨምርም አሁንም ጥቂት ነበሩ፡፡ በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በራስ መኮንን አዳራሽ የተዘጋጀው የፋሽን ትርዒት ይህን ያሳያል፡፡ ትርዒቱን የተቃወሙ ተማሪዎች ወደ አዳራሹ በሚገቡት ላይ ስድብና እንቁላል ወረወሩ፤ ፖሊስ ጣልቃ ገባ፤ ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋ፡፡ ክርክሩ ስለ ባህልና ስለ ምዕራባውያን ተጽዕኖ ሲሆን፣ አለባበሳቸው የተተቸባቸው ሴቶች ራሳቸው ምን እንደሚሉ ግን እምብዛም አልተጠየቀም፡፡

ከዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1969፣ በአሜሪካ የዬልና የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዎች ለመጀመሪያ ዲግሪ ሴቶችን መቀበል ጀመሩ፡፡ ዬል ለወንዶች የተያዘው ቦታ እንዳይቀንስ የሴቶቹን ቁጥር ወስኖ ነበር፡፡ ከዚህ መረዳት እንደሚቻለው የመግቢያ ፈቃድና እኩል ቦታ በየትኛውም አገር አንድ ነገር አልነበሩም፡፡

በኢትዮጵያ በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወጣ፡፡ በቀጣዩ ዓመት የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ከታሪክ የወረሱትን የበታችነት ለማረም የድጋፍ እርምጃ ተጠቃሚ እንዲሆኑ መብት ሰጠ፡፡ ሴቶች ከወንዶች ዝቅ ባለ ነጥብ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡበት አሠራርም ተግባራዊ ሆኗል፡፡ ሆኖም አሠራሩ ጎን ለጎን ያመጣው ችግር አለ፤ በራሷ ውጤት ያለፈችውም ጭምር "በድጋፍ የገባች" ተብላ ትታያለች፡፡ የማጠናከሪያ ትምህርት፣ የመኝታ ክፍል ደህንነትና በማታ ከቤተ መጻሕፍት የሚመለሱበት የበራ መንገድ ከመግቢያ ነጥቡ ያላነሰ ክብደት አላቸው፡፡

ለፋግታ ለኮማ ወረዳ ሴት ተማሪዎች ጉዳዩ ከዩኒቨርሲቲ አስቀድሞ ይጀምራል፡፡ ከገጠር ቀበሌ ወደ አዲስ ቅዳም መጥታ ሁለተኛ ደረጃ የምትማር ልጅ ክፍል ተከራይታ፣ ስንቅ ከቤቷ እያመላለሰች፣ እንጀራውንም ራሷ እየጋገረች ታጠናለች፡፡ በቀድሞዎቹ የወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤቶች ግን መኝታውና ምግቡ የተማሪው ሐሳብ አልነበረም፡፡

ከአራተኛው ትውልድ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ የሆነው የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ በ2010 ዓ.ም. ሥራ መጀመሩ ተቋሙን ለአካባቢው አቅርቧል፡፡ ይሁን እንጂ የተማሪዎች ምደባ በአገር አቀፍ ደረጃ የሚከናወን በመሆኑ፣ የአዲስ ቅዳም ልጅ ጅማ ወይም ጅግጅጋ ልትመደብ ትችላለች፤ እንጅባራም ከሩቅ የመጡ ሴቶችን ያስተናግዳል፡፡