«ዶርዜ» የማን ስም ነው?

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ሽቅብ ሲወጣ የሚገኘው ዶርዜ፣ በጋሞ ደጋ ላይ በየዱቡሻቸው እየመከሩ ከኖሩት በርካታ «ደሬዎች» አንዱ ብቻ ነው። ዶኮ አለ፣ ኤዞ አለ፣ ቦንኬ አለ። ሽሮ ሜዳ ሲደርሱ ግን ለሁሉም አንድ ስም ይወጣላቸዋል። ሸማኔ ከሆነ ዶርዜ ነው፤ «የዶኮ ልጅ ነኝ» ቢል ሰሚ የለውም።

ይህን ስም ካስከበሩት ሸማኔዎች ብዙዎቹ በሰው ቤት ተቀጥረው የሠሩ ናቸው። ድርና ማጉ የአሠሪው፣ ገበያውም የአሠሪው፤ የሸማኔው ድርሻ በሠራው ልክ የሚከፈለው ብቻ። ሥራውን ሲለቅ ክፍያው ይቆማል። «የዶርዜ ጥበብ» የሚለው ስም ግን ከሱቁ አይለቅም።

የአንድ ሰው ስም ሲሆንስ? የክብር ዘበኛው አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ በ2፡15፡16 አሸነፈ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ቪብራም የተባለው የጣሊያን ኩባንያ ባለ አምስት ጣት ጫማውን «ቢቂላ» ብሎ ሸጠ። (በባዶ እግሩ የሮጠን ሰው ስም ለጫማ!) ቤተሰቡ «ፈቃዳችን አልተጠየቀም» ብሎ በ2015 አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ። በ2016 ክሱ ውድቅ ሆነ። ምክንያቱ ስሙ የእናንተ አይደለም የሚል አልነበረም፤ በ2011 እያወቃችሁ እስከ 2015 ዘገያችሁ የሚል ነው። ያን ያህል የታወቀ ስም፣ ያን ያህል የታወቁ ወራሾች፣ ግን ጊዜው አለፈ።

ወደ ሸማኔው እንመለስ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ መለጠፍንም ሆነ ለሽያጭ ማቅረብን በመርሕ ይከለክላል። ስለዚህ የቀድሞ ሠራተኛውን ምስል ለማስታወቂያ የሰቀለ ባለ ሱቅ ሊጠየቅ ይችላል። የማኅበረሰብ ስም ግን እንዲህ በአንድ ሰው አቤቱታ አይጠበቅም። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501 የወል የንግድ ምልክት እንዲመዘገብ ይፈቅዳል፤ አመልካች ማኅበር ግን መኖር አለበት።

ክርክሩም እዚያ ላይ ይጀምራል። «ዶርዜ» በሚል ስም የሚያመለክተው ማን ነው? የዶርዜ ሰው ብቻ ከሆነ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሳይወድ ዶርዜ ሲባል የኖረው የዶኮ ሸማኔ የራሱን ሸማ በዚያ ስም መሸጥ ይከለከላል።