ፀሐይ ለምን ታስነጥሳለች?

ጥቁር ዐባይ ከጣና ወርዶ ከነጭ ዐባይ ጋር በሚገናኝባት በካርቱም፣ ሰው ባስነጠሰው ቁጥር ጥፋቱ በአብዛኛው የሚጣለው በአቧራ ላይ ነው። «ሐቡብ» የተባለውን የአቧራ ማዕበል የሚያውቅ ሁሉ ለዚህ ምስክር ነው። ይሁን እንጂ ሐቡብ በሌለበት፣ ሰማዩ ጠርቶ በዋለበት ቀንም ከጥላ ወደ ቀትር ፀሐይ ብቅ እንዳሉ ሁለት ሦስት ጊዜ የሚያስነጥሳቸው ሰዎች አሉ። ጉንፋን አልያዛቸውም፤ አቧራም አልነካቸውም። የነካቸው ብርሃን ብቻ ነው።

ነገሩ ጥንታዊ ጥያቄ ነው። በግሪካዊው ፈላስፋ በአርስቶትል ስም በሚታወቀው «ጥያቄዎች» በተሰኘው መጽሐፍ ውስጥ፣ የፀሐይ ሙቀት ሲያስነጥስ የእሳት ሙቀት ለምን እንደማያስነጥስ ተጠይቋል። የተሰጠው መልስ ፀሐይ በአፍንጫ ውስጥ ያለውን እርጥበት ወደ እንፋሎት ስትለውጠው፣ እሳት ግን ፈጽሞ ያደርቀዋል የሚል ነበር። በዚህ አስተሳሰብ ምክንያቱ ሙቀት እንጂ ብርሃን አልነበረም።

ይህን ሐሳብ የተቃወመው እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ቤከን ነው። በሞተ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1627 በታተመው መጽሐፉ ያቀረበው ማስረጃ ማንም ሰው ሊሞክረው የሚችል ነበር፤ ዓይንን ጨፍኖ አፍንጫን ለፀሐይ ቢሰጡት አያስነጥስም። እንግዲያው በሩ አፍንጫ ሳይሆን ዓይን ነው። ቤከን ከዚህ ቀጥሎ የሰጠው ማብራሪያ፣ ይኸውም የአንጎል እርጥበት ወደ ዓይንና ወደ አፍንጫ ይወርዳል የሚለው፣ በኋላ ዘመን ውድቅ ሆኗል፤ ሙከራው ግን እስከ ዛሬ ጸንቶ ይኖራል።

በ20ኛው መቶ ዓመት ጉዳዩ በሐኪሞች እጅ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1964 ሄንሪ ኤቨረት የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ ስለዚሁ ጉዳይ ጥናት አሳተሙ። በልዩ ልዩ ጥናቶች እንደተገመተው ከመቶ ሰዎች ከ18 እስከ 35 የሚሆኑት ይህ ጠባይ አላቸው። ጠባዩም በዘር የሚወርድ ነው፤ ከወላጆች አንዱ ካለው፣ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የዘረመል ጥናትም ከዚህ ጠባይ ጋር የተያያዘ ምልክት በሁለተኛው ክሮሞዞም ላይ አግኝቷል። ብዙዎች እንደሚገምቱት፣ ከዓይን የሚመጣው የብርሃን መልእክት የፊትንና የአፍንጫን ስሜት የሚያደርሰውን ነርቭ ይቀሰቅሳል። ሆኖም ሁሉም የተስማሙበት የመጨረሻ ማብራሪያ እስካሁን የለም።

ጠባዩ በሽታ ባይሆንም ጥንቃቄ የሚጠይቅበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ1993 በአንድ የወታደራዊ ሕክምና መጽሔት የወጣ ጽሑፍ ለተዋጊ አውሮፕላን አብራሪዎች አደጋ ሊሆን እንደሚችል አመልክቷል። ከድልድይ ሥር ወጥቶ በድንገት ፀሐይ ፊት ለፊት ለሚገጥመው የረክሻ ወይም የመኪና ነጂም ነገሩ ያው ነው፤ ሰው ሲያስነጥሰው ዓይኑ ይጨፈናልና። መነጽርና ባርኔጣ በእጅጉ ይረዳሉ።

እ.ኤ.አ. ከ2020ው ወረርሽኝ ወዲህ የሚያስነጥሰው ሰው በጥርጣሬ ዓይን መታየቱ፣ ጎረቤቱም ከአጠገቡ መራቁ የተለመደ ሆኖ ነበር። ከእናቱ ወይም ከአባቱ በወረሰው ጠባይ ፀሐይ ያስነጠሰችው ሰው ግን ለማንም የሚያስተላልፈው ሕመም የለውም። ሱዳናዊው «ይርሐሙከ አላህ» ሲል፣ ኢትዮጵያዊው «ይማርህ» ሲል የሚመኙለት ያንኑ ምሕረት ነው። እሱም «ያኑርህ» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል።